ፊት የይለፍ ቃል አይደለም

ሃምሳ አለቃ «ቀጥ በል» ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ከጡረታ መታወቂያቸው በቀር የትም አይገኝም። በአገልግሎት ዘመናቸው አንድ ወጣት ዘብ ስላወቃቸው ብቻ በሩን ቢከፍትላቸው፣ «ፊት የይለፍ ቃል አይደለም!» ብለው ሳምንት ሙሉ ድንች አስልጠውታል።

አንድ ማለዳ፣ ጉም መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ ቀድሞ ካገለገሉበት የጦር ሰፈር መለከት ሲነፋ ሰሙ። ሕልም ይሁን እውን ሳይለዩ፣ በነጠላ ጫማ፣ የሚንሳፈፉ ያህል ሰውነታቸው እየቀለላቸው ወጡ።

«ቁም! ማነህ?» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

«ቀጥ በል ነኝ። ሰልፉ ሊያመልጠኝ ነው፤ ክፈት!»

ከጉሙ ብቅ ያለው ያ ድንች የላጠው ዘብ ነበር፤ ዛሬ የዘብ አለቃ ሆኗል።

«ኧረ አባባ፣ በዚህ ብርድ! የይለፍ ቃልዎስ?»

ሽማግሌው የጥንቱን ቃል ተናገሩ።

«እሱማ ከእርስዎ ጋር ጡረታ ወጥቷል» አለ የዘብ አለቃው።

«አላወቅኸኝም?»

«እንዴት አላውቅዎትም! ግን ፊት የይለፍ ቃል አይደለም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

 ሃምሳ አለቃው ተረከዛቸውን አጋጥመው ከአጥሩ ውጭ ቀጥ ብለው ቆሙ። የዘብ አለቃው ካፖርቱን አውልቆ በፍርግርጉ አሾልኮ ሰጣቸው፤ በሩን ግን አልከፈተም። ውስጥ ስም ሲጠራ፣ ተራቸው የሚደርስ ይመስል ጆሯቸውን ቀሰሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ዘብ ለወደደው ሰው የሚከፍት ከሆነ ጦር ሰፈሩ በር አለው አይባልም፤ ይሁንና እዚያ ብትቆም፣ እጅህ ወደ በሩ መወርወሪያ አይሄድም ነበርን?