አባቴ ጨርቅ ላይ ሲሄድ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን ደብረ ማርቆስ በሰፈረበት ዘመን፣ ይጁቤ አጠገብ ባለው ቤታችን ማታ ማታ የምንሰማው ተረት ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሳይሆን ስለ አባቴ ነበር። የምታወራልን እህቱ ናት፤ በርበሬ ነጋዴዋ አክስቴ ጥሩነሽ።

አባቴ ከአርበኞች ጋር በረሃ ወርዶ ደብዛው ጠፍቶ ነበር። ሞቷል የሚለው ወሬ ሲደጋገም እናቴ ጥቁር ለብሳ ለተዝካሩ ጌሾ መውቀጥ ጀመረች። ያኔ ነው አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ገበያ እያለከለከች መጥታ ከደጅ የጮኸችው፦ «ኧረ ተይው አንቺ! ወንድሜን በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ጣልያን ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ሲኒማ ሲያሳይ፣ እዚያ ላይ ሲሄድ!»

ከመካከላችን ሲኒማ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የሚሄድ ሰው በሕይወት አለ፤ በቃ። እናቴ ጥቁሩን አወለቀች፣ ተዝካሩም ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ኩራዙ ጋዝ አጥቶ በምድጃው ፍም ብቻ በምንተያይበት፣ ጭሱ ዓይናችንን በሚያቃጥልበት ምሽት ሁሉ እናቴ «እስቲ እንደገና» ትላለች። አክስቴም ተነሥታ አረማመዱን እያሳየች፣ በየጊዜው አንድ ነገር ትጨምርበታለች፤ ዛሬ ጋቢ ታለብሰዋለች፣ ነገ ዞር ብሎ ያያታል። «ወይ አንቺ ቀጣፊ!» እያለች እናቴ ትስቃለች።

ጣልያን ሲወጣ የአባቴ ጓደኛ መጣ። ፈረንጆቹ አባቴን ማርከው ሲነዱት ፊልም አንሥተውት፣ በዚያው ቀን እንደገደሉት ነገረን። አክስቴ ሲሄድ ያየችው ከሞተ ቆይቶ ነበር።

«ታዲያ ማንን ነው ያየሽው?» አለች እናቴ።

«እሱን ነዋ! በማርያም፣ እሱን ነው!»

አክስቴ ከዚያ በኋላ ተረት አላወራችም።

እኔ አድጌ ፊልም ሠሪ ሆንኩ። አሠሪ የለኝ፣ አጋዥ የለኝ፤ ካሜራዬን ራሴ ተሸክሜ፣ ጨርቄን ራሴ ወጥሬ ወገቤ አለቀ። ፊልም ከማሳየቴ በፊት ግን ተመልካቹ ፊት ቆሜ፣ ከሚታዩት ሰዎች መካከል የሞቱትን በስማቸው እናገራለሁ፤ ሌላው እንደኛ እንዳይሆን። ብዙ ሰው አይወድልኝም። እኔም አልተውኩም።

በቀደም ደብረ ኤልያስ ላይ እንደ ልማዴ የሞቱትን ስም ስጠራ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ።

«የልጄን መሞትማ፣ ልጄ፣ እኔው ቀብሬው የለ! ምነው ዛሬን እንኳ ሲሄድ ልየው ብል?»

ንግግሬን አቋርጬ ማሽኑን አስነሣሁት። ልጃቸው ብቅ ሲል እልልታቸውን አቀለጡት።

እናቴ ተታለለች እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስናደድ ኖሬያለሁ። ለካ እነዚያን ዓመታት ባል ያላት ሴት ሆና ነው የኖረችው።