የሚያፈስ ቱቦ

ደብረ ታቦር ያለው መካኒክ፣ “ይህን የውሃ ቱቦ ካልቀየርከው ሞተርህን ትቀብረዋለህ” ይለኛል። እኔ ግን የአሮጌዋን ሞተር ብስክሌቴን ቱቦ በላስቲክ ጠፍሬ ለሥራ ወደ ጉና ተራራ እወጣለሁ። ዳገቱ ላይ ማቀዝቀዣ ውሃዋ ሲያልቅ፣ ብቻቸውን ከሚኖሩት ከእማማ ጥሩነሽ ደጅ እቆማለሁ። ውሃው ለሞተሯ ነው ብላቸውም፣ “እንግዳ በባዶ ውሃ አይሸኝም” ብለው ድንች ያበሉኛል። አገሬ ሩቅ ነው፤ ከሥራ ውጭ የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው።

ባለፈው ሞተሯ ልትቃጠል ስትል ቱቦውን ቀየርኩት። ያም ሆኖ ደጃቸው ስደርስ ቆሜ ውሃ ለመንኩ። ጆጉን ይዘው ወጡና ጎንበስ ብለው ላስቲክ ያልታሰረበትን አዲሱን ቱቦ ዳሰሱት። አፈርኩ።

“ግባ፣ ድንቹ በስሏል” አሉኝ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ “አሮጌውን ግን አልጣልከውም አይደል፣ ልጄ?”