የተቆረጠው የደሳለኝ ሽጉጥ

እናንተ ልጆች ሽጉጥ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ከኮት ሥር አለመታየቱን ነው። እስቲ ቁጭ በሉና የታናሽ እህቴን ባል፣ የደሳለኝን ነገር ልንገራችሁ።

ኅዳር ነበር። ከጉና ግርጌ ያለው ድንች ሲደርስ ከርከሮ ቀድሞን ይቆፍረው ጀመር። አንድ ማለዳ እኔ ክላሼን፣ ደሳለኝ ሽጉጡን ይዘን፣ ውሾች አስከትለን ወጣን። እኛ ዘንድ ውሾቹ ከርከሮውን ጥሻ ውስጥ ከበው ካቆሙት የሚገባው ሽጉጥ የያዘው ነው፤ ረጅም መሣሪያ ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ደሳለኝ በዚህ ሥራ የሚታማ አልነበረም። አምና በዚያው ሽጉጥ አንድ ትልቅ ከርከሮ መትቶ ጥይቱ በወዲያኛው ጎን ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከተማ ስሄድ ከጃኬቴ ሥር ይወጣብኛል ብሎ አፈሙዙን ለብረት ሠራተኛ ሰጥቶ ግማሽ ያህሉን አስቆረጠው። ወዲያው ሰርግ መጣና ወደ ሰማይ ተኮሰበት። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፣ እሳቱ በጠራራ ፀሐይ ይታያል። «ይሄማ መድፍ ሆነ!» አለ አንዱ ሚዜ። ሁላችንም አጨበጨብን። ጉልበቱ የጨመረ መሰለን።

ወደ አደኑ ልመለስ። ያን ጠዋት ውርጩ ሳሩን አንጥቶት የከርከሮው ኮቴ ጠቁሮ ይታይ ነበር። ተከትለነው ወንዝ ዳር ካለ ጥሻ ደረስን። ውሾቹ ገብተው ይጮሁበት ጀመር። ደሳለኝ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝና፣ «ጋሼ፣ አንቱ ከላይ ይጠብቁት» ብሎኝ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ሁለቴ ተኮሰ። አለቀ ስል ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ። ከርከሮው ቀጥ ብሎ መጣበት፤ ደሳለኝ ወደ ኋላ ሊል ሲል ሥር ጠልፎት ወደቀ። አንድ ላይ ስለተጠላለፉ ከሩቅ መተኮስ አልቻልኩም። ሮጬ ወርጄ ከከርከሮው ጆሮ ሥር አስጠግቼ ተኮስኩና ጣልኩት። ክራንቻው ግን የደሳለኝን ጭን ተርትሮት ነበር።

ጭኑን በጋቢው ጠፍሬ አሰርኩት። ተኩስ የሰሙ ጎረቤቶች ደርሰው በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ ስንሮጥ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ሳትኩት እንዴ?»

«ኧረ አልሳትከውም፤ ትከሻውን ነው ያገኘኸው።»

«ታዲያ ለምን መጣብኝ?» አለኝ።

«አትናገር፣ ትደክማለህ» አልኩት። ደብረ ታቦር ሳንደርስ አረፈ።

ከቀብር መልስ ወደ ጥሻው ሄድኩ። ከርከሮውን ጅብ ጀምሮታል፣ ትከሻው ግን አልተነካም። በቢላዋ ስከፍተው ሁለቱም ጥይቶች ከወፍራሙ ቆዳ ሥር ሥጋው ውስጥ ቀርተዋል፤ አጥንቱ እንኳ አልተሰበረም። ጥይቱ የአምናው ዓይነት ነው፣ የተለወጠው አፈሙዙ ብቻ ነው። ባሩድ ጥይትን የሚገፋው አፈሙዙ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። አፈሙዙ ሲያጥር ጥይቱ ፍጥነቱን ሳይሞላ ይወጣል፣ የተረፈው ባሩድ ደጅ ላይ ይነዳል። ያ ያጨበጨብንለት እሳትና ጩኸት ከጥይቱ የጎደለው ጉልበት ነበር።

ባያስቆርጠው ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ጥሻ ውስጥ የቆሰለ ከርከሮ ማንንም ይገድላል። ግን ይቆጨኛል፣ እህቴን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ዛሬ ሽጉጡን ሊያስቆርጥ ያሰበ ሰው ከሰማሁ ሥራዬን ጥዬ ሄጄ እለምነዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ደሳለኝ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ለጠየቀኝ ነገር መልሱን ያገኘሁት ከቀበርኩት በኋላ ነው።