«አቶ ነገ ገብተዋል?»

መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን የሠራሁት የመጀመሪያ ስህተት ፋይል ማግኘት ነበር።

ቦታው ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ካሉት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ነው። የቱ እንደሆነ አልናገርም። አብረን የሠራን እናውቀዋለን፤ ሌላው አንባቢ የራሱን ቢሮ ያስብ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ ገባሁ። ማዕረጌ ጀማሪ ሪከርድ ሠራተኛ ይባል ነበር። የተረከብኩት ንብረት ገቢ መዝገብ፣ ወጪ መዝገብ፣ የወረቀት መብሻ፣ የቀን ማኅተምና አንድ እግሩ የሚወላገድ የብረት መሰላል ነው።

ረፋዱ ላይ አንድ አዛውንት በመስኮቱ ብቅ ብለው የፋይል ቁጥራቸውን ነገሩኝ። መሰላሉ ላይ ወጣሁ፤ ሳብኩ፤ ወረድኩ። ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እየሳቅሁ ልሰጣቸው ስል አለቃዬ አቶ ምስጋናው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አገኘሁት እኮ ጋሼ!»

«መልሺው። ነገ ይምጡ በያቸው።»

«ምነው?»

«በደቂቃ የሚገኝ ከሆነ እዚህ ክፍል ሁለት ሰው ምን ይሠራል ይሉናል።»

መለስኩት። ሽማግሌው «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። የመጡት ዝቋላ ከምትባለው የገጠር ወረዳችን ነበር። ከዝቋላ ሰቆጣ ምን ያህል እንደሆነ በእግሩ የመጣ ያውቀዋል።

አቶ ምስጋናው ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጄን ስወልድ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ቁመታቸው አጠር፣ ሳቃቸው ረዘም ያለ ሰው ነበሩ። እሳቸውም ሥራውን ሲቀበሉ የተማሩት እንደዚያ ነው፤ ያንኑ አስተማሩኝ። እኔም ቶሎ ገባኝ። ዓመታት ሲያልፉ የነገን ዓይነት ለይቼ አወቅሁ፦ ፈራሚው ስብሰባ ሲሆኑ የሚባል ነገ፣ የማኅተም ቀለም ሲደርቅ የሚባል ነገ፣ ምንም ሳይጎድል ሻይ ሲያምረን የሚባል ነገ።

በመካከሉ ሊለውጡን የመጡ አሠልጣኞች ብዙ ናቸው። አንዱ የዕቃዎቻችንን ቦታ በቀለም አሰመረልን። ሌላው የአገልግሎት ሰዓት የሚዘረዝር ቻርተር ሰጠን። የመጨረሻው ደግሞ «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚል ትልቅ ወረቀት አስለጠፈን። ግድግዳው በሌሎቹ ወረቀቶች ስለሞላ የተገልጋይ መስኮቱ ላይ ለጠፍነው። ንጉሡ ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ ማየት አልቻለም።

እትዬ ትብለጥ የመጡት ያ ወረቀት መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። የሰሃላ ገጠር ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸዋል። የፈለጉት የባላቸው ፋይል ግልባጭ ማኅተም ተመትቶበት እንዲሰጣቸው ነው። አራት ጊዜ መጡ። አራት ጊዜ ነገ አልናቸው። ሁለቱን ነገ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

በአምስተኛው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መስኮቱን ትተው በር ላይ ወደቆመው ጥበቃ ሄዱ። ከበሩ ትይዩ ጥላ የሌለው ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ባለጉዳይ የሚጠብቀው እዚያ ተቀምጦ ነው። ድንጋዩ ሙሉ ነበር። ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ጮክ አሉ፦

«አቶ ነገ ገብተዋል?»

«ማን?» አለ ጥበቃው።

«አቶ ነገ።»

«እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም እናቴ።»

«እንዴት የለም? በመጣሁ ቁጥር ጉዳይሽን የሚጨርሰው እሱ ነው ይሉኛል። ጸሐፊዋም ነገ፣ መዝገብ ቤቱም ነገ፣ ትልቁ ሹምም ነገ። የዚህ ቤት ዋናው ሰው እሱ ነው። ዛሬ ሳላገኘው ንቅንቅ አልል!»

ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በሳቅ ተንፈራፈረ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን እንደያዙ ጎናቸውን አቅፈው ሳቁ። የኃላፊው የአቶ ሲሳይ መስኮት ተከፈተና ጭንቅላታቸው ወጣ።

«ምንድን ነው ጫጫታው? ማን ነው አቶ ነገ?»

እንደገና ሳቅ ሆነ። «እኔ ነኝ አሉ!» የሚል ድምፅ ከመሐል ተሰማ። መስኮቱ ተዘጋ።

ጥበቃው አማርኛው አልገባቸውም ብሎ፣ የእናቴ ቋንቋ ኽምጣና ስለሆነ እኔን ጠራኝ። እትዬ ትብለጥ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ነገ የሰው ስም አለመሆኑን በኽምጣና ላስረዳቸው ጀመርኩ። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ በዚያው በኽምጣና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ነገ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ለምኜ እንቢ አላችሁኝ። አልቅሼ እንቢ አላችሁኝ። እስቲ ደግሞ ልሳቅባችሁ ብዬ ነው።»

እሳቸው ቀጠሉ። የባላቸው ወንድም ቤታቸው ያለበትን መሬት የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነው። ግልባጩን ይዘው ካልቀረቡ ፍርዱ ለሱ ነው።

«ልጄ ሳውዲ ናት» አሉኝ። «አንድ ቀን ትመለሳለች። ስትመለስ የምትገባበት ከዚያ ሌላ ቤት የለኝም።»

ሮጬ ገባሁ። «ጋሼ፣ ይህንን ፋይል ዛሬ ማግኘት አለብን» አልኳቸው አቶ ምስጋናውን። «የለም እኮ፣ ስንት ጊዜ ፈለግነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ የዚህኛው ፋይል ቦታ ባዶ ነው። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አራገፍን። የድሮ ዶሴ ያለባቸውን ካርቶኖች ገለበጥን። ጸሐፊያችን ጽጌ ኮምፒውተሯን ትታ መጥታ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ገባች። አንድ የአይጥ ጎጆ፣ ሁለት የጠፉ ማኅተሞችና የአቶ ምስጋናውን የድሮ ኮፍያ አገኘን። ፋይል የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አቶ ምስጋናው ደክሟቸው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

ጽጌ አቧራ እንደለበሰች ትክ ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይነሱ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ይነሱማ!»

ተነሡ። ጽጌ የወንበሩን ትራስ አነሣች። ከትራሱ ሥር ስምንት ፋይሎች እኩል ተደርድረው ነበር።

«ወንበሩ ዝቅ ይልብኛል…» አሉ አቶ ምስጋናው ቀስ ብለው።

ከታች ሦስተኛው የእትዬ ትብለጥ ባል ነው። እኔ መሰላሉን ይዤ ነበር፤ ባልይዘው በሳቅ እወድቅ ነበር። አቶ ምስጋናው መጀመሪያ አፈሩ፤ ቀጥሎ ኮፍያቸውን ደፉና ከሁላችን በላይ ሳቁ። ግልባጩ ተነሣ፤ ማኅተም ተመታ። አቶ ሲሳይ ቀና ሳይሉ ፈረሙ። እትዬ ትብለጥ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሳምንቱ ከተማው በሙሉ ኃላፊያችንን አቶ ሲሳይን አቶ ነገ ይላቸው ጀመር። ምሳ ቤት ሲገቡ አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ብሎ አፉን በትሪ ይሸፍናል። ሰኞ ጠዋት ሁላችንንም ሰበሰቡን። ጠረጴዛውን ሲመቱት የወረቀት መብሻው ዘለለ።

«ላቀች! ያቺን ሴትዮ በኽምጣና ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻት?»

«እኔ አላስተማርኳቸውም፣ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ» አልኩ። ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ከገባ የደረጃ ዕድገቴ ይቀራል።

«ትቀልጃለሽ? ማስጠንቀቂያ ነው የምጽፍብሽ! ነገ ጠዋት ቢሮዬ መጥተሽ ትወስጃለሽ!»

ቃሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መጀመሪያ ከጽጌ አፍንጫ እንደ ፊሽካ ያለ ነገር ወጣ። ቀጥሎ አቶ ምስጋናው በኮፍያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ። ቀና ስል የአቶ ሲሳይ ትከሻ ይነቃነቃል። መነጽራቸውን አወለቁ፤ እንባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ያን ሰው ሲስቁ አይተን አናውቅም። ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

«በእውነት ነው እንዴ እንዲህ የምንለው?» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«በእውነት ነው» አልናቸው።

ደንቡን ያመጣችው ጽጌ ናት። «ለባለጉዳይ ያለ ምክንያት ነገ ያለ ሰው ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ» አለች። አቶ ሲሳይ አሰቡበት። «እኔንም ይጨምራል?» አሉ። «እርስዎን ካልጨመረ አይሠራም» አለቻቸው። አልተቆጡም። በቃለ ጉባኤ ያዝነው።

መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው ቀን፣ ገና ከሰዓት በፊት። ልማድ ነዋ፣ ምላሴ ቀደመኝ። አቶ ምስጋናው በሁለት ቀን ሦስት ጊዜ ወጡ። ሦስተኛውን ትራሳቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ጽጌ ቀማቻቸው። ሁላችንም አንዳችን የሌላውን አፍ እንጠብቅ ጀመር። አንዱ ባለሙያ «ከ…» ብሎ ጀምሮ «ከዛሬ ቀጥሎ ባለው ቀን» ሊል ሲሞክር ሳይጨርሰው እጁን ይዘን አስወጣነው። በኑሮዬ እንደዚያ ሰሞን በጠዋት ቢሮ ለመግባት የቸኮልኩበት ጊዜ የለም።

አቶ ሲሳይ የተያዙት በሁለተኛው ሳምንት በገበያ ቀን ነው። ስልክ እያናገሩ ለአንድ ገበሬ በእጃቸው «ነገ» ብለው ምልክት ሰጡ። የእጅ ምልክት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብለን ተከራከርን። «ይቆጠራል» አሉ ራሳቸው፤ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ያረፉት ያን ጊዜ ጎናቸውን አቅፈው በሳቁት ቄስ አጠገብ ነው። ቄሱ ያን ቀን በሳቅ እንባ መሐል ስላዩዋቸው አላወቋቸውም።

«እርስዎም ከሩቅ ነው የመጡት?» አሏቸው።

«ከዚሁ ነኝ አባ።»

«ታድለው። እኔ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው ይላሉ። ደግነታቸው ግን ከበሩ አይወጣም።»

አቶ ሲሳይ ግማሽ ሰዓቱ ቢያልቅም አልተነሡም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው አዳመጡ። ሲገቡ አንገታቸው ቀልቷል። የቄሱን ጉዳይ ይዘው ራሳቸው መዝገብ ቤት መጡ፤ ቆመው አስጨረሱ። በዚያው ሳምንት በገበያ ቀን ስብሰባ ቀረ። ከሩቅ የመጣ ቅድሚያ ይስተናገድ ተባለ። መስኮቱ ላይ ሁልጊዜ ኽምጣና የሚችል ሰው ይቀመጥ ተባለ። «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚለውን ወረቀትም ከመስኮቱ ላይ በእጃቸው ላጡት።

ቄሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደንቡን ይዘውት ሄዱ። ለሰበካ ጉባኤያቸው «እኛም ዘንድ አቶ ነገ አለ» ብለው ነገሩት አሉ። የሚያፈስ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነበራቸው፤ በየስብሰባው ለሚቀጥለው የሚባል። ጣሪያው እስኪሠራ ድረስ ስብሰባው የሚካሄደው ከሚያፈስበት ሥር ይሁን ተባለ። ክረምቱ ሳይጋመስ ተሠራ።

እትዬ ትብለጥ በመኸር ተመለሱ። መሬቱ ተፈርዶላቸዋል። ከዚያው መሬት የቆረጡትን አንድ ሸክም ጥንቅሽ አምጥተው በሩ ላይ ጣሉት። አቶ ሲሳይ ደነገጡ።

«እናቴ፣ ከባለጉዳይ ምንም መቀበል አንችልም።»

«ጉቦ ከሥራ በፊት ነው» አሏቸው። «ይሄ ከሥራ በኋላ ነው። ይህ ምርቃት ነው። እንቢ ካሉ ድንጋዩ ላይ ነው የማስቀምጥዎ!»

ቆራርጠን ለባለጉዳዩም ለሠራተኛውም አከፋፈልነው። ከሰዓቱ በሙሉ ቢሮው ውስጥ ጥንቅሽ ሲላጥና ሲመጠጥ ብቻ ነበር የሚሰማው። በዚያ ቀን የወጡ ደብዳቤዎች ጥግ ጥጋቸው ትንሽ ያጣብቃል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቶ ሲሳይ ተዛወሩ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት፣ የተማሩ፣ ኮስታራ ናቸው። የነገርናቸው ነገር የለም፤ ፈርተን ነበር። በገቡ በሁለተኛው ቀን በበሩ ሲያልፉ አንዲት ሴት ጠየቀቻቸው። «ነገ ነይ» ብለው አለፉ። እኛ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አጮልቀን አየን። ድንጋዩ ላይ የነበሩት ገበሬዎች ግን ምንም ሳይነጋገሩ ጠጋ ጠጋ ብለው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቁ። አንደኛው ሽማግሌ ተነሥተው ጎንበስ አሉ።

«ጌታዬ፣ ይቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። የቤቱ ደንብ ነው።»

አዲሱ ኃላፊ ወደኛ ዞሩ። እኔ ራሴን ነቅንቄ «አዎ» አልኩ። የቀሩትም እየሳቁ ነቀነቁ። ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ሄደው ተቀመጡ።

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ጀማሪ ሠራተኞች ቢሮ እንዴት ይለወጣል ብለው ሲጠይቁኝ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው። የምታወጡት ደንብ አጭር ይሁን። ኃላፊውም ይቀጣበት። ባለጉዳዩም ይወቀው፤ ሠራተኛ ሲዛወር ደንቡን የሚጠብቀው እሱ ነው።