አሜን የማይሉት ተሳፋሪ

ሾፌሩ ኦክዉዲሊ ከኦኒቻ ከተማ ወደ ኦዌሪ በሚነዳው ሚኒባስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋቢናው የአንድ ሽማግሌ ነው። ስማቸውን ጠይቆ አያውቅም። ነጭ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ የደረቱ ቁልፍ ግን ከወደቀ ቆይቷል፤ በመርፌ ቁልፍ ነው የሚይዙት።

ከተማውን ሲለቁ ኦክዉዲሊ ጊታር የሚበዛበትን የሃይላይፍ ሙዚቃ ካሴቱን ይከፍታል። ዘፋኙ ስለ ነጋለት ቀን፣ ስለ ልጆቹ፣ በችግሩ ስለ ደረሰለት ጎረቤት ፈጣሪን ያመሰግናል። ከኋላ የተቀመጡት ነጋዴ ሴቶች እያጨበጨቡ፣ «አሜን» እያሉ ይቀበሉታል። ሽማግሌው አይቀበሉም። የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ እንጂ ፊታቸው ላይ ደስታም ኀዘንም አይታይም።

አንድ ቅዳሜ ኦክዉዲሊ አላስቻለውም።

«አባቴ፣ ሰው ሁሉ አሜን ሲል እርስዎ ዝም! ምስጋና ታሪፍ አለው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም።

«እዚህ ዘፈን ላይ ጊታሩን የምመታው እኔ ነኝ» አሉ። «ዘፈኑ የተቀዳ ዕለት ጠዋት ልጄ ተወለደ። እንደዚያን ቀን አመስግኜ አላውቅም።»

«ታዲያ ልጅዎ የት ነው ያለው?»

«አምና አረፈ። ኦዌሪ አጠገብ፣ አባቴ ግቢ ነው የቀበርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው እሱ ጋ ነው። ዘፈኑን ጣቶቼ ያስታውሱታል። እኔ ግን ምንም አይሰማኝም» አሉ።

ኦክዉዲሊ ደንግጦ ካሴቱን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ቀስ ብለው እጁን ያዙት።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ከኋላ ያሉት አመስግነው አልጨረሱም።»