የዓርብ ዓሣ

በካልጋሪ ከኔ በላይ ዓሣ የሚያውቅ ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። እሺ፣ ጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው። ከተማው ባሕር የለውም። ያለው ወንዝ ነው፣ እሱም ዊንተሩን በረዶ ሆኖ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ፎረስት ሎን ሰፈር ያለው ሱፐርማርኬት ውስጥ ነጭ ቆብ አድርጌ ዓሣ ለመሸጥ ስቆም፣ የከተማው ባሕር እኔ ነኝ ማለት ነው።

ለገዢው ሁሉ አወራለሁ። "እኔ አሰብ ነው የሠራሁት። ጀልባ ከሩቅ አይቼ ስንት ኪሎ እንደጫነ እናገራለሁ" እላለሁ። "ናይስ" ይሉና ሽሪምፓቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ግን ውሸት አይደለም። አሰብ ወደብ ላይ ዓሣ መዝጋቢ ነበርኩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እዚያ ያሉ አጥማጆች ዓሣ ጀልባ ላይ እያለ መቁጠር አይወዱም፤ የቆጠረ ሰው ባሕሩን ይዘጋዋል ይላሉ። "ስንት አወጣችሁ?" ካልካቸው የዓለምን ዓሣ ጭነው ቢመጡም "ትንሽ፣ አልሐምዱሊላህ" ነው መልሳቸው። እኔ ታዲያ የጀልባውን ሆድ ማየት ተማርኩ። ሆዱ ላይ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም ውኃ ውስጥ ከገባ ሙሉ ነው፤ ከታየ ግማሽ ነው። በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከግምቴ ብዙ አይርቅም ነበር። ማንም አላስተማረኝም።

አንድ ቀን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ንፋስ ዊንተሩ መሃል ላይ መጣ። እኔ ያንን ንፋስ አልችለውም። ፊቴን ሞቅ ሲያደርገኝ አሰብ የገባሁ ይመስለኝና ከንፈሬን እልሳለሁ። ጨው የለውም። የዛን ቀን ከወትሮው በላይ ሳወራ አንዲት ፈረንጅ ተማሪ "ቆይ፣ አሰብ ነው ያልከው?" አለችኝ።

ፕሮፌሰሯ ድሮ እዚያ በአማካሪነት ሠርቶ የመዝገቦቹን ኮፒ በካርቶን ይዞ መጥቷል። እሷ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ከዚያ ባሕር ስንት ዓሣ እንደወጣ ነው የምታጠናው። በሳምንቱ ኮፒዎቹን ይዛ መጣች። ገና ሳየው የእጄን ጽሕፈት አወቅኩት። ሰባት ቁጥርን ወገቧን በሰረዝ አጥብቄ የማስራት እኔ ነኝ!

"ካሉን ሁሉ ንጹሑ ያንተ ነው" አለችኝ። "ሌሎቹ ባዶ ይተዋሉ፤ አንተ አንድም ቀን አልዘለልክም።"

ደረቴ ባንኮኒውን ሊገፋው ደረሰ።

"ከዚህ ተነስቼ አጥማጆቹ ዓርብ ዓሣ እንደማያጠምዱ፣ ራሳቸውም እምብዛም እንደማይበሉ ጻፍኩ። ግን ይሄ ምንድነው?" ጣቷን የዓርብ መስመር ላይ አደረገች። ዜሮ አለ፤ ከዜሮው አጠገብ ጥቁር ጠብታ። በሚቀጥለው ገጽ ዓርብም ዜሮ፣ ጠብታ። "የኮፒ ማሽን ቆሻሻ እንዳልል ሁሌ ዓርብ ላይ ነው።"

"ቀለም ነው" አልኳት።

ቀለም አልነበረም። የዓሣ ዘይት ነው።

ዓርብ ሚዛን ቤቱ ዝግ ነው። አጥማጆቹ ግን በጠዋት በትንንሽ ጀልባ ወጥተው ከሶላት በፊት ይመለሳሉ። የዓርብ ዓሣ አይሸጥም፤ ለሰፈሩ ነው። ባል የሞተባት፣ የታመመ፣ መንገደኛ፣ ሁሉም ይበላል። በየደጁ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ደራክ የሚባለው ረጅሙ ዓሣ ለሁለት ተሰንጥቆ ከጭቃ ምድጃ በርበሬውን እንደለበሰ ይወጣል። እኔ አንድ ሽማግሌ ናኹዳ ምንጣፍ ላይ ነበር ቦታዬ። ናኹዳ የጀልባ አለቃ ማለት ነው። በልቼ፣ እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ፎርሙን አወጣና ዜሮ እጽፋለሁ። ፎርሙ የሚጠይቀው ሚዛን ላይ የወጣውን ነዋ!

ናኹዳው ለአስተዳዳሪውም ለኔም "አንተ" ነው የሚሉት። አንድ ዓርብ ፎርሙን አዩት።

"ይቺ እንቁላል ምንድነች?"

"ናኹዳ፣ ዜሮ ናት። ዛሬ ዓሣ አልወጣም ማለት ነው።"

እጄን ያዙና አሸተቱት። "አንተ ጸሐፊ፣ ታዲያ ምሳህን እንቁላል ነው የበላኸው?"

ምንጣፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

"ሚዛን ላይ አልወጣማ፣ ናኹዳ።"

"ሆድ ሚዛን አይደለም?" አሉ። ቀጥለው ግን አልሳቁም። "ጻፈን። ሥራ ፈቶች አይደለንም።"

"በሚቀጥለው ዓርብ" አልኳቸው። የሚቀጥለው ዓርብም በላሁ፣ ዜሮ ጻፍኩ። ብዙ ዓርብ እንደዚያ አለፈ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። አሁን አሰብ በሌላ አገር ቪዛ ነው የሚገባባት።

ዶቨር ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ለሺፍት ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር።

"እኔ የመዘገብኩት አይሳሳትም እያልክ ጆሮዬን ስታደነቁረው ኖረህ!"

"ብነግራት ስሜ ይጠፋል እኮ።"

"የትኛው ስም? ካንተ በቀር ማን ያውቀዋል? የሚጠፋው የሽማግሌው ዓሣ ነው። ተነስ፣ ለልጅቷ ኮል አድርግላት።"

ኮል አደረግኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ስል ልጅቷ እሑድ ከነደብተሯ ከች አለች።

"መገመት ትችላለህ? ግምት ይበቃኛል።"

መገመት ትችላለህ ትለኛለች፣ እኔን! ግን በጀልባው ሆድ እንዳልገምት ትንንሾቹ ቀለም የላቸውም። በምንጣፍ ገመትኩ፤ ለአንድ ምንጣፍ አንድ ደራክ። ዓይኔን ጨፍኜ ከመስጊዱ ጀምሬ ሰፈሩን በእግሬ ሄድኩ። መረብ የምትጠግነዋ ሴትዮ ደጅ ሁለት ምንጣፍ። የውኃ ሻጩ አንድ። ልጅቷ ትጽፋለች። አሸዋው እግሬን ያቃጥለኛል፣ የምድጃው ጢስ ይሸተኛል፣ መድረስ አልፈልግም ነበር። ደረስኩ።

"ናኹዳው ጋ አንድ ምንጣፍ፣ ትልቁ።"

"ስንት ሰው?"

በጣቴ ቆጠርኩ። እሳቸው፣ አንድ ዓይናው ወንድማቸው፣ ጨው ጫኞቹ፣ የወደቡ ዘበኛ... "ስምንት" አልኳት።

ባለቤቴ ከኪችን "አንተስ? ቆመህ ነበር እንዴ የምትበላው?" አለች።

ጣቶቼን እንደገና ቆጠርኩ፤ እኔ የለሁበትም። 

"ዘጠኝ አድርጊው" አልኳት ልጅቷን። ልትሰርዘው ስትል እስክሪብቶዋን ተቀበልኩና ስምንቱን ሰርዤ ራሴ ጻፍኩት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። ጠብታ የለበትም፤ እጄ ንጹሕ ነበር።