ኃይሌ የተሸከመው ድንጋይ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተንፍሼው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ብቻ አታባብሉኝ።

ቦንጋ ውስጥ የሲቲ ስካን ምስል የማነብ ሐኪም ነኝ። አንድ ቀን ጋሽ አየለ የሚባሉ የማንኪራ ቀበሌ ሽማግሌ ፊታቸው አባብጦ መጡ። ቀፎ በሚሰቀልበት ዛፍ የተነሳ ተጣልተው ጎረቤታቸው ኃይሌ ገፍትሮ ጥሏቸዋል። ምስሉን አየሁ። የዓይን ሌንስ በሲቲ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ወፈር ብሎ ይታያል፤ በቀኝ ዓይናቸው ግን የለም። «ሌንሱ በምት ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በፊት ዓይንዎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም! ሰውዬው ከግድግዳው ማዶ ተኝተው ነበር። አሥር እርምጃ መራመድ ሰነፍኩ። በኔ ወረቀት ኃይሌ ዓይን አጠፋ ተብሎ ታሰረ።

በሳምንቱ የኃይሌ ሚስት እትዬ አልማዝ ቢሮዬ መጡ።

«ዶክተር፣ ጋሽ አየለ እኮ የዚያን ዓይናቸውን ሞራ አምና አስወጥተዋል። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው» አሉኝ።

«ማሽን አይዋሽም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ማሽኑማ መች ዋሸ! እንደወጡ ምስሉን መልሼ ከፈትኩት። ክር የምታክል ነጭ መስመር በሌንሱ ቦታ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ሐኪም የተከላት ሰው ሠራሽ ሌንስ ናት። ዓይኑ ክብነቱን አልለቀቀም፣ ደም የለበትም፤ በምት የተጎዳ ዓይን እንዲህ አይሆንም። አየሁ። ገባኝ። እና ምን አደረግሁ? ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። «ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት መስመር አልጻፍኩም፤ ስሜ እንዳይጎድፍ! የምን ስም?

ኃይሌ እንደታሰረ አባቱ ሞቱ፤ አልቀበረም። ጋሽ አየለ ራሳቸው እንኳ ቀድሞም ደከም ያለው ዓይናቸው በዚያ ግፍተራ የተጎዳ መሰላቸው፤ ዶክተር ጽፎታላ! በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። ኃይሌ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመነ፣ ላላጠፋው ዓይን። ታረቁና ተፈታ።

«ሥራ ይበዛል፣ ሰው ይሳሳታል» የሚለኝ ካለ አፉን ይያዝ! ስህተቱ የአንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ ዝም ያልኩት እያወቅሁ ነው። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ኃይሌ ዛሬም ቦንጋ ገበያ ሲያገኘኝ «ደህና ነዎት፣ ዶክተር?» ብሎ ጎንበስ ይልልኛል። እኔም ያለ ሐፍረት «ደህና» እላለሁ። ያ ድንጋይ ግን የኔ ነበር።